አልጋ ያላት ሚኒባስ፦ አንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲል

ድሬዳዋ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «አሮጌ መኪና ልገዛ ነው፣ እስቲ እይልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ጥያቄ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይህኛው ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ። እኔም የተሳሳትኩበት ቦታ ስላለ ሁሉንም በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም። ቤተሰቡም ቢጻፍ ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል።

ቤተሰቡና ሐሳባቸው

ባልየው አስጎብኚ ነው። ሐረር ላይ እንግዳ ተቀብሎ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ያስጎበኛል፤ ማታ ደግሞ ጅብ ሲመገብ ያሳያል። ሚስቱ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ጎረቤቶቼ ናቸው።

ሐሳቡ የመጣው ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ነው። ያን ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሁለት የውጭ አገር እንግዶችን ይዞ ሄደ። ቁልቢ በዚያ ቀን መኝታ ማግኘት ከባድ ነው። እንግዶቹ በኪራይ ሚኒባስ ወንበር ላይ ተኝተው አደሩ። ጠዋት ሚስቱ ያዘጋጀችውን ምግብ በሉ። በጣም ተደሰቱ። «አልጋ ያለው መኪና ቢኖርህ እጥፍ እንከፍልህ ነበር» አሉት።

ይቺ አንዲት ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። ባቢሌ ዝሆን ለማየት የሚሄድ፣ ዳካታ ሸለቆ ድንጋዩ ሥር ማደር የሚፈልግ፣ ለቁልቢ የሚመጣ፣ ሁሉም በአንድ መኪና። ሚስቱ ታበስላለች፣ እሱ ይነዳል፣ ያስጎበኛል። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

መኪናዋ

በጥር ወር አንድ ደላላ ደወለለት። እሱ የሚፈልጋት ዓይነት መኪና ድሬዳዋ ውስጥ አለች።

ቶዮታ ሃይኤስ ናት፤ በፈረንጆች 1999 የተሠራች። ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። መጀመሪያ የአንድ የዕርዳታ ድርጅት ንብረት ነበረች። ድርጅቱ ወንበሮቹን አውጥቶ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አድርጓት ነበር። ከኋላ አንድ ጠባብ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ቁም ሳጥን፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ከሥሩ ደግሞ 80 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር አላት። መስኮቶቿ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ድርጅቱ በጨረታ ሲሸጣት አንድ ነጋዴ ገዛት። አሁን የሚሸጣት እሱ ነው።

ቆጣሪዋ 286,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የጠየቀው ዋጋ 1,650,000 ብር ነው።

ለሃያ ስድስት ዓመት መኪና ይህ ዋጋ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው እብደት ይመስላል። እኛ ግን ለምዶብናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ የቤት መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ ሰባት ዓመት ያለፈው መኪና ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ፣ ሚኒባሱም ጭምር፣ ከዓመት ዓመት ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሰውም ይህን እያየ «መኪና አያከስርም» ይላል። ይህ አባባል ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው።

ችግሩ፦ ቀብዱ ቀድሟል

አስጎብኚው ወደ እኔ የመጣው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው። በ1,500,000 ብር ተስማምቶ 50,000 ብር ሰጥቷል። ውሉ ከደብተር በተቀደደ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል። «መኪናውን አይቼ ወድጄ ቀብድ ከፍያለሁ» ይላል። መካኒክ ያያታል የሚል ቃል የለም። ብልሽት ቢገኝ ቀብዱ ይመለሳል የሚልም የለም።

የቀብድ ነገር በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ተቀምጧል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው እጁን አስሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ከደላላው ቤት ሆኖ ደውሎልኝ ነበር። እንደ ድሬ ልጅ ወግ ታላቁ ብሆንም «አንተ» ነው የሚለኝ። «አንተ፣ 5ኤል ሞተር እንዴት ነው?» አለኝ። እኔም ሥራ ላይ ነበርኩና «5ኤል ከሆነ አይሞትም፣ አትፍራ» አልኩት። ያልኩት ስለ ሞተሩ ዓይነት ነው። እሱ የሰማው ስለዚያች መኪና ነው። ሦስት መቶ ሺህ የሄደ 5ኤል ደኅና ሆኖ አይቻለሁ፤ መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ የተበላሸም አይቻለሁ። ያላየሁትን መኪና በስልክ ማድነቅ አልነበረብኝም።

በማግስቱ ማታ ሚስቱ ጋራዥ ድረስ መጣች። «ገንዘቡ የዕቁቤ ነው፣ ወርቄም አለበት። ደህና አድርገህ እይልን» አለችኝ። ያላቸው በጠቅላላው 1,700,000 ብር ነበር።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሜዳ ላይ

ሻጩ በቀጠረን ሰዓት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሄድን። መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ሁሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጠበቀችን። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣች። ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ ከከዚራ ወደ ለገሃር ነዳን። ማርሿ ለስላሳ ነው። ፍሪሲዮኗ አይንሸራተትም። አስጎብኚው «አቦ፣ ይቺማ አዲስ ናት!» እያለ ይስቃል።

እኔም ደኅና ናት ብዬ ነበር ማለት ይቻላል። ሲመሽ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንሥቼ ሳይ የሞተሩ ክዳን ትኩስ ነበር። እኛ ከመድረሳችን በፊት ተነሥታ ሞቃለች። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ ብዙ ጉዱን ይደብቃል። ድሬዳዋ ደግሞ ሜዳ ናት። መኪናዋ የምትሠራው ሜዳ ላይ አይደለም። ሐረር ለመድረስ የደንገጎን ዳገት መውጣት አለባት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ፣ የደንገጎ አፋፍ ከሐረርም ይበልጣል። ያን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በአጭር መንገድ ነው፤ ጠመዝማዛ ላይ ጠመዝማዛ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኘው አየር ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ቀን፦ ቀዝቃዛ ሞተርና ደንገጎ

ሻጩን ሳንነግር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ደረስን። ትንሽ ተቆጣ። ቢሆንም ከፈተልን።

ወንበሩን አነሣሁና እጄን ሞተሩ ላይ አኖርኩ። ቀዝቃዛ ነው። የካንዴላው (ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቀው) መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ አስነሣሁ። አልተነሣችም። ሁለተኛ ሞከርኩ። በሦስተኛው እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ ወፍራም ነጭ ጭስ ወጣ፣ ግቢውን ሞላው። ነጩ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ጉልበት) ሲደክም ወይም ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ሲበላሽ እንዲህ ይሆናል።

ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ ገልብጬ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩት። ይህ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው። ሞተሩ ደኅና ከሆነ ክዳኑ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ቦታው ላይ ይቆያል። ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ካለቀ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስቶኑ ጎን አልፎ ወደ ታች ይገባል፣ በዘይት መሙያው ተመልሶ ይወጣል። የእኛ ክዳን ሁለት ጊዜ ዘለለና ወለሉ ላይ ወደቀ። አስጎብኚው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና ወደቀ። ዝም አለ። ያን ቀን መጀመሪያ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

ራዲያተሩን ሞተሩ ሳይሞቅ ከፈትነው። ውሃ ብቻ ነው፤ የራዲያተር ፈሳሽ የለውም። የክዳኑ ውስጥ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። የድሬዳዋን ውሃ የምታውቁ ይገባችኋል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል፤ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ይደፍናል።

ከዚያ ደንገጎን እንውጣ አልኩ። የውሃውን ታንከር እንድንሞላም ጠየቅሁ። ሻጩ «ውሃ ለምንድነው? መኪና ነው የምትፈትኑት ወይስ ቦቴ?» አለ። ግን እንግዳ ይዛ ስትሄድ ባዶዋን አይደለም የምትሄደው። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው። ከእኛ ጋር አምስት ሰው፣ ምግብና ጓዝ አለ። ሞልተን ሄድን።

መጀመሪያ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ ነበር። ዳገቱ ሲበረታ ወደ ሁለተኛ ወረድን። የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ በላይ ሆነ። ጥቂት ጠመዝማዛ እንዳለፍን ቀዩን ነካ። የቤት ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ መስኮቱን ሁሉ አወረድኩ። ይህ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ስቦ ትንሽ ያስተነፍሰዋል። መርፌው ትንሽ ተመለሰ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዳር አቁመን ሞተሩን ሳናጠፋ አሳረፍነው። ከታች አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል። ጫት የጫኑ ፒካፖች በአጠገባችን እየበረሩ ያልፋሉ።

መልሱም የራሱ ትምህርት ነበረው። ቁልቁለቱን በሞተር እየያዝኩ ወርጄ ታች ስደርስ ነዳጅ ረገጥኩ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡን አለ። ዘይት እያቃጠለች ነው። ፍሬኑ ጠረን አመጣ፣ ፔዳሉም እየላላ መጣ። ፍሬን ደንገጎ ላይ የቅንጦት ነገር አይደለም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ የወደቁ መኪኖችን አይቷል።

ቤት ስንደርስ ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ከፈትነው። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ጎድሏል። ከሥር የሚንጠባጠብ ግን የለም። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ላይ ችግር እንዳለ ጠረጠርኩ።

አውራ ጣቷ

እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ሚስትየዋ ከኋላ ገብታ ነበር። ስለ ሞተር አልጠየቀችኝም። አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተች። «የረጠበ ጆንያ ይሸታል» አለች። ጤፍ የሚቀመጥበትን ጓዳ የምታውቅ ሴት ናት።

ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ችፑድ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ገባ። እንደ ረጠበ ዳቦ ነው የገባው። ስታወጣው ጉድጓዱ ቀረ። ችፑዱን ስናነሣው የወለሉ ላሜራ በዝጎ ተበልቷል። በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። የውሃው ታንከር ለዓመታት ሲንጠባጠብ ኖሯል። ከጎኑ ሁለተኛ ባትሪ አለ። ገመዱ በቀጥታ ተቀጥሏል፣ ፊውዝ የለውም፣ ሽፋኑም አንድ ቦታ ቀልጧል። እንግዳ የሚተኛበት አልጋ ሥር ነው ይህ ሁሉ ያለው።

ይህን እኔ አላየሁትም። ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሳስብ ቤት መሆኗን ረስቼ ነበር። አልጋና ውሃ ያለው መኪና ሁለት ነገር ነው፤ መኪናም ቤትም። የቤቱን በኩል ማየት ያለበት ቤት የሚያውቅ ሰው ነው።

ኪሎ ሜትሩ

ጎማዎቹን ሳይ ጎናቸው ላይ ያለውን አራት አሃዝ አነበብኩ። 3216 ይላል። በፈረንጆች 2016 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ነው፤ ጎማው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጥቁሩ ቀለም ለዚህ ነበር።

ከዚያ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የደበዘዘ ተለጣፊ አገኘሁ። ዘይት ስትቀይር የሚለጠፍ ነው። የሚቀጥለው ዘይት የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ 448,000። ቆጣሪው ደግሞ 286,000 ነው የሚለው።

አስጎብኚው ሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር) ይዞ ስለነበር ከእሱ ጋር የተያያዙትን ወረቀቶች አገላበጥን። የጨረታው የርክክብ ደብዳቤ አለ። መኪናዋ ስትሸጥ የነበረው ንባብ 452,310 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል።

ይህን ስነግራቸው ባልየው «እንግዲህ በቃ፣ አራት መቶ ሃምሳ ሺህ የሄደች መኪና ምን ትሠራልኛለች?» አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ድርጅቱ ሰርቪስ ያደርግላት እንደነበር ተለጣፊው ይጠቁማል። በወቅቱ ዘይት እየተቀየረላት 450,000 የሄደች መኪና፣ ማን እንደነዳት ሳይታወቅ 280,000 ከሄደችው ልትሻል ትችላለች። እኔን ያሳሰበኝ ቁጥሩ ሳይሆን መቀየሩ ነው። ቆጣሪ የመለሰ ሰው ሌላ ምን እንደሸፈነ አይታወቅም። ደግሞ የ5ኤል ታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያቀናጀው ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ቆጣሪው ከዋሸ ቺንጋው መቼ እንደሚበጠስ በምን ታውቃለህ? ሲበጠስ ቫልቩን ከፒስቶን ያጋጫል።

በወረቀቱ በኩል አንድ ጥሩ ነገር ነበር። የዕርዳታ ድርጅት መኪና ብዙ ጊዜ ያለ ቀረጥ ነው የሚገባው። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ ስም አይዞርም። የዚህችኛዋ ተከፍሏል፣ ደረሰኙም አለ። ሊብሬው ግን አሁንም 12 ሰው የምትጭን ሚኒባስ ይላታል። አልጋውና መታጠቢያው አልተመዘገበም። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቦሎ ሊያስከለክላት ይችል ነበር።

ሒሳቡ

ማታ ምግብ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሦስታችን ተቀመጥን። እኔ የጥገናውን ዝርዝር ጻፍኩ። ሞተር ማደስ 280,000። ራዲያተር 35,000። ፍሬን ከነሸራውና ከነፖምፓው 40,000። አራት ጎማ 72,000። ባሌስትራና ጎሚኒዎች (ከሥር ያሉት ሞላዎችና ላስቲኮች) 25,000። ወለልና ኤሌክትሪክ 60,000። ታይሚንግ ቺንጋ 15,000። ድምሩ 527,000 ብር መጣ። ለመኪናዋ 1,500,000፣ ለደላላ 30,000 ሲጨመር 2,057,000 ይሆናል። ያላቸው 1,700,000 ነው። የስም ማዞሪያና ኢንሹራንስ ገና አልተቆጠረም። ሞተር የሚታደስባቸው ሳምንታትም ገቢ የለም።

ባልየው «ሥራዋ ይከፍለዋል» አለ። በወር አሥራ ሁለት ጊዜ እወጣባታለሁ የሚል ግምት ነበረው።

ሚስቱ ምንም ሳትል ተነሥታ ከመሳቢያ አንድ ደብተር አመጣች። እሱ ራሱ የእንግዶቹን ቀንና ክፍያ የሚጽፍበት ደብተር ነው። ካለፈው ጥር እስከ ዘንድሮ ጥር በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። 41 ሥራ ነበረው። ከ41ዱ አብዛኛው ጁገል ውስጥ በእግር የሚደረግ ጉብኝት ነው። በጁገል ጠባብ መንገዶች ሚኒባስ አይገባም፣ አያስፈልግምም። ከከተማ ውጭ አድሮ የተመለሰው 9 ጊዜ ብቻ ነው።

«ለዘጠኝ ሌሊት ነው ሁለት ሚሊዮን?» አለች። አልጮኸችም። እሱም አልተቆጣም። ደብተሩን ወስዶ ራሱ እንደገና ቆጠረው። ዘጠኝ ነው።

ያን ጊዜ ሚኒባስ ከነሾፌሩ በቀን 9,000 ብር ይከራይ ነበር። ለአንድ ሌሊት ሁለት ቀን ብንቆጥር፣ ዘጠኙ ጉዞ በዓመት 162,000 ብር ይሆናል። መኪናዋን ለማደስ ብቻ ከሚወጣው ሲሶ አይሞላም።

በዚያ ማታ ላለመግዛት ወሰኑ።

ቀብዱ እንዴት ሆነ

ሻጩ መጀመሪያ «ቀብድ አይመለስም» አለ። በወረቀቱ ከሄድን ሊከራከር የሚችልበት መንገድ ነበረው። ፍርድ ቤት መሄድ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ የመጋላ ሰፈር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አስጎብኚው አልተሳደበም። የርክክቡን ደብዳቤና የተለጣፊውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሻጩ ቆጣሪውን እኔ አልመለስኩም፣ ከእኔ በፊት ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ማን እንደመለሰው ለማወቅ አልሞከሩም። «የምትሸጠውን ማወቅ ያንተ ነው» አሉት። 35,000 ተመለሰ። 15,000 ቀረ። ያ 15,000 ብር አሁንም ያንገበግበኛል። ያን ቀን በስልክ «አትፍራ» ባልለው ኖሮ ምናልባት ቀብዱን ባልከፈለ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ደብተሩ ነው። እኔ የሞተሩን ሁኔታ ነገርኳቸው፤ ደብተሩ ግን መኪናዋ ጭራሽ እንደማታስፈልጋቸው ነገራቸው። ሞተሩ ፍጹም ደኅና ቢሆን እንኳ መልሱ አይለወጥም ነበር። አሁን የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ያስፈልግህ ነበር?» ብዬ ነው። ወደፊት ስንት ቀን እንደሚያስፈልገው ከጠየቅሁት ተስፋውን ነው የሚነግረኝ።

ሳይነገር ማለዳ መሄዳችንም ሠርቷል። ጭነት ይዞ ደንገጎን መውጣቱም እንዲሁ። ሐረር ያለ ሰው ወደ ድሬ ወርዶ መልሶ ይውጣ። ጅግጅጋ የሚሠራ የዚያን መንገድ ይሞክር። መኪናዋ በምትሠራበት መንገድ ካልተፈተነች አልተፈተነችም።

ያልሠራው የመጀመሪያው ቀን ነው። ሻጩ በቀጠረን ሰዓት፣ እሱ በመረጠው መንገድ ሄደን ምንም አላወቅንም። እንዲያውም የባሰ ሆነ፤ ባልየው ያን ቀን ይበልጥ ወደዳት። ሌላው ያልሠራው እኔ ብቻዬን ሁሉን አያለሁ ማለቴ ነው።

ለሌላ ገዢ

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር አስጨምሩ፦ «መካኒክ አይቷት ከባድ ብልሽት ቢገኝ፣ ወይም ቆጣሪው የተለወጠ ሆኖ ቢገኝ፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።» እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው አትስጡ። አሮጌ መኪና ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሚኒባስ የዋጋውን ሲሶ አስቀምጡ እላለሁ። ያ ከሌለ አነስ ያለ ዋጋ ያለው ፈልጉ፣ ወይም ቆዩ።

ኪሎ ሜትሩ ብዙ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ ትንሽ ነው ብላችሁም አትጓጉ። ከቆጣሪው ይልቅ የበር ምሰሶውን፣ የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን መላጥ፣ የሾፌሩን ወንበር መስመጥ እዩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመዘገባት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። በውክልና ብቻ የሚሸጥላችሁን ሰው ባለቤቱን አምጣ በሉት።

አልጋ፣ ውሃ ወይም ማብሰያ ካላት ደግሞ ምንጣፉን አንሡ፣ ከመታጠቢያው ሥር ተጫኑ፣ አሽትቱ። ከቤት አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ወዲህ

ባልና ሚስቱ ሁለት ድንኳን፣ አራት ፍራሽ፣ አንድ ትልቅ የውሃ ጀሪካንና የጋዝ ምድጃ ገዙ። እንግዳ ሲመጣ ሚኒባስ ይከራያሉ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ላይ ድንኳኑን ተከሉ፣ እሷም አብራ ሄዳ አበሰለች። እንግዶቹ ስለ አልጋ አልጠየቁም። በየጉዞው ስንት ሌሊት እንደታደረ አሁን በደብተሩ ለብቻው ይጻፋል። እስካሁን ባለው ዓመት 14 ደርሷል። ሃያ ሲሞላ እንደገና እንነጋገራለን ብለዋል። እኔም ያኔ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

መኪናዋን ሌላ ሰው ገዛት፤ በ1,280,000 ብር፣ ትክክለኛው ኪሎ ሜትር ውሉ ላይ ተጽፎ። ገዢው ወንድሙ መካኒክ ነው፣ ሞተሯን ራሳቸው አደሱ። አልጋውንና መታጠቢያውን አውጥተው ወለሉን በአዲስ ላሜራ በየዱ፣ ወንበር መለሱባት። ለእነሱ ጥሩ ግዢ ሆነች። አሁን ከድሬ ሐረር ሰው ትጭናለች። ባለፈው ሳምንት ተራዋን ስትጠብቅ አየኋት። የኋላው መስኮት ላይ አረንጓዴው መጋረጃ አሁንም አለ።